በአነስተኛ የካቶሊክ ኮሌጅ የሙዚቃ መምህራን ክፍሉንና ቤተ ጸሎቱን በአንድ ዕቅድ የሚመሩበት መንገድ

በአነስተኛ የካቶሊክ ኮሌጅ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቋሚ መምህራን፣ ከእነርሱም ጋር በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እየመጡ ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ድምፅ ወይም ቫዮሊን የሚያስተምሩ ጥቂት የትርፍ ሰዓት መምህራን ማለት ነው። ንድፈ ሐሳቡንም ታሪኩንም የሚያስተምሩት፣ መዘምራኑን የሚመሩት፣ የእሑዱን ቅዳሴ ዜማ የሚያዘጋጁት፣ በምረቃ ቀን የሚያጅቡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ኦርጋኑ ድምፁ ሲዛባም መጀመሪያ የሚጠሩት እነርሱ ናቸው። ሥራው ከሰዉ ቁጥር ጋር ስለማይመጣጠን ብዙዎች ኃላፊነቱን ለሁለት ከፍለው ይይዙታል፤ የክፍሉ ትምህርት በራሱ ዕቅድ ይሄዳል፣ የቤተ ጸሎቱ ዝማሬ ደግሞ ከሰዓት ውጪ በሚተርፈው ጉልበት ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ተማሪው በክፍል የሚማረው ነገር ለምን እንደሚጠቅመው አያይም፣ በቤተ ጸሎት የሚዘምረውንም ነገር ምንነት አያውቅም።

እዚህ የማቀርበው አሠራር በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ እሑድ የሚዘመረው ዜማ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሰጠው ትምህርት ዋና ማስተማሪያ መሆን አለበት፣ በክፍል የተማሩትም ነገር በቤተ ጸሎት መሰማት አለበት። ይህ የእኔ ብቻ ምርጫ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ አንቀጽ 115 ላይ፣ በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤቶች ብቻ ሳይሆን በሌሎች የካቶሊክ ተቋማትና ትምህርት ቤቶችም ለሙዚቃ ትምህርትና ልምምድ ትልቅ ቦታ እንዲሰጥ፣ ለዚህም መምህራን በጥንቃቄ እንዲሠለጥኑ ያዝዛል። የኮሌጁ አስተዳደር የሙዚቃ ክፍሉን እንደ ጌጥ በሚያይበት ጊዜ ይህን አንቀጽ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ዕቅዱን ከሁለት የቀን መቁጠሪያዎች መጀመር

የመጀመሪያው ሥራ የኮሌጁን የትምህርት ዘመንና የቤተ ክርስቲያኒቱን የአምልኮ ዘመን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ነው። በሮማ ሥርዓት (በላቲን ካቶሊኮች የአምልኮ ሥርዓት) የትንሣኤ በዓል ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ዓቢይ ጾም የሚከፈትበት የዐመድ ረቡዕም ከፌብሩዋሪ 4 እስከ ማርች 10 ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተሠራበትን ዕቅድ ቀኑን ብቻ ለውጦ መድገም አይቻልም። ጾሙ በአንዱ ዓመት ሴሚስተሩ ገና ሲጀመር ይገባል፣ በሌላው ዓመት ደግሞ ተማሪው ለመካከለኛ ፈተና በሚቀመጥበት ሳምንት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ የማይኖሩባቸውን ቀናት ያጥቁሩ። ብዙ ኮሌጆች በሰሙነ ሕማማትና በትንሣኤ ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤተሰብ ይልካሉ፤ በመሆኑም የዓመቱ ታላላቅ ሥርዓቶች የሚፈጸሙት መዘምራኑ በሌሉበት ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር የዓመቱን ጉልበት ሁሉ በትንሣኤ ሌሊት ላይ አይጥልም። ዘመነ ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን የሚቆይ ነው፤ ተማሪዎቹ ከዕረፍት ሲመለሱ ገና ብዙ እሑዶች ይቀራሉ፤ ትልቁን ዝማሬ በእነዚያ እሑዶች ላይ ማቆየት ለዘመኑም የተገባ ክብር ነው። በእኔ አመለካከት ትንሣኤን በአንድ ቀን ጨርሶ በቀጣዩ እሑድ ወደ ተለመደው ዝማሬ መመለስ ለተማሪውም ሆነ ለአምልኮው ጉዳት ነው።

የጾሙን ወራት በተመለከተ የሮማው ሥርዓት ራሱ ለመምህሩ የልምምድ ጊዜ ይሰጠዋል። በዓቢይ ጾም ሃሌ ሉያ አይዘመርም፤ ግሎሪያም («ክብር ለእግዚአብሔር» የሚለው ዝማሬ) ከክብረ በዓላት በቀር ይቀራል፤ ኦርጋኑና ሌሎች መሣሪያዎች ድምፅን ለመደገፍ ብቻ ይመታሉ እንጂ ብቻቸውን አይሰሙም፣ ከአራተኛው የጾም እሑድና ከዓበይት በዓላት በስተቀር። ይህ ማለት በየሳምንቱ ለግሎሪያና ለሃሌ ሉያ ይውል የነበረው የልምምድ ደቂቃ ነፃ ይሆናል ማለት ነው። በእነዚያ ሳምንታት መዘምራኑን ያለ መሣሪያ ማዘመር፣ የቀረውን ጊዜም ለትንሣኤ ዘመን ግሎሪያ ማዋል የሚቻል ነው። ያለ አጃቢ መዘመር የለመዱ መዘምራን በጾሙ መጨረሻ ላይ ከጾሙ መጀመሪያ ይልቅ በግልጽ የተሻለ ቅላፄ ይዘው ይገኛሉ። የኦርጋን ተማሪዎች በበኩላቸው በጾም ወቅት ብቸኛ ድርሰት በቅዳሴ ስለማያቀርቡ፣ የሴሚስተር ፈተናቸውን ድርሰት በዚያን ጊዜ ቢያዘጋጁና ከቅዳሴ ውጭ በክፍል ቢያቀርቡ ይሻላል።

ከካህኑ ጋር መስማማት

በቤተ ጸሎቱ የሚያገለግሉት ካህንና የሙዚቃ መምህሩ በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት መገናኘት አለባቸው። ውይይቱ ስለ መዝሙር ምርጫ ብቻ ከሆነ ግን ዋናው ነገር ይዘለላል። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1967 ስለ ቅዱስ ሙዚቃ የወጣው የቫቲካን መመሪያ በቅዳሴ የሚዘመሩትን ክፍሎች በሦስት ደረጃ ይመድባል። በመጀመሪያው ደረጃ የሚገኙት ካህኑና ሕዝቡ የሚቀባበሏቸው ክፍሎች ናቸው፤ የመግቢያው ሰላምታና መልሱ፣ የወንጌሉ ምልልስ፣ የቁርባኑ ጸሎት መክፈቻ ምልልስ፣ ሳንክቱስ («ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚለው)፣ አባታችን ሆይ፣ የስንብቱ ቃልና የመሳሰሉት። ኪርዬ («ጌታ ሆይ ማረን»)፣ ግሎሪያ፣ ክሬዶ (ጸሎተ ሃይማኖት) እና አኙስ ዴይ («የእግዚአብሔር በግ») በሁለተኛው ደረጃ ይመደባሉ፤ የመግቢያው፣ የመባውና የቁርባኑ መዝሙሮች ደግሞ በሦስተኛው። መመሪያው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻውን ሊዘመር እንደሚችል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ያለ መጀመሪያው ሊዘመሩ እንደማይገባ ይናገራል።

በብዙ ቤተ ጸሎቶች የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አራት መዝሙሮች በድምቀት ይዘመራሉ፣ ካህኑና ሕዝቡ የሚነጋገሩት ግን በንባብ ነው። ለአነስተኛ ኮሌጅ የመመሪያው ቅደም ተከተል በእጅጉ ይስማማል፤ ምክንያቱም ምልልሶቹ አጫጭር ናቸው፣ በሦስት ወይም በአራት ኖታዎች ውስጥ ይሽከረከራሉ፣ ኖታ የማያነብ ተማሪም በአንድ ልምምድ ይይዛቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ከካህኑ ጋር ምልልሶቹን ብቻ ያለማምዱ። ካህኑ «ድምፅ የለኝም» ቢሉ፣ በአንድ ኖታ ላይ ቆመው መጨረሻው ላይ ብቻ ዝቅ የሚሉበትን ቀላል ዜማ አብረው ይለማመዱ። አሥር ደቂቃ በየሳምንቱ ይበቃል፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን አይሁን። መሪው ካህን ሲዘምሩ ተማሪው ሳይጠየቅ ይመልሳል።

የመዝሙሩ ምርጫ ላይ ማን የመጨረሻ ውሳኔ እንዳለው በዓመቱ መጀመሪያ በጽሑፍ ይስማሙ። ቤተ ጸሎቱን በተመለከተ ውሳኔው የካህኑ ነው፤ የትምህርቱን ይዘትና ምዘና በተመለከተ ደግሞ የመምህሩ ነው። ይህ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ቅሬታው በተማሪዎቹ ፊት ይወጣል።

ጥቂት ድምፅ ያላቸው መዘምራን

ከ12 እስከ 16 ሰው ያለው የመዘምራን ቡድን በአነስተኛ ኮሌጅ ጤናማ ቁጥር ነው። አዳዲስ ተማሪዎችን ሲመዝኑ የተዘጋጀ መዝሙር እንዲያቀርቡ አይጠይቁ፤ ይህ ቀድሞ የሠለጠኑትን ብቻ ይመርጣል። ይልቁንም በፒያኖ አራት ኖታዎችን ይምቱና ተማሪው ደግሞ እንዲዘምራቸው ያድርጉ፤ ከዚያ አምስት ኖታ ያለውን ቅደም ተከተል በግማሽ ድምፅ እየጨመሩ ወደ ላይ፣ እየቀነሱ ወደ ታች ይውሰዱት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የመስማት ትዝታውን፣ ድምፁ የሚመቸውን ክልልና ወደ ላይ ሲወጣ የሚቀየርበትን ቦታ ያውቃሉ። የሰሙትን ነገር በካርድ ላይ ይጻፉ፤ ከአራት ወር በኋላም ደግመው ይስሙ፤ በዚህ ዕድሜ ድምፅ ገና በመቀመጥ ላይ ነውና።

ችግሩ ሁልጊዜ ከቴነር፣ ማለትም ከከፍተኛው የወንድ ድምፅ ነው። በ18 እና በ22 ዓመት መካከል ያሉ አብዛኞቹ ወንዶች በመካከለኛው የወንድ ድምፅ ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ ቴነር ጎደለ ተብሎ ወደ ላይ ቢገፉ አንገታቸውን አስጨንቀው ይዘምራሉ፣ ከዚያም ድምፃቸው ይሰለላል። በአራት ድምፅ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ)፣ አልቶ (ዝቅተኛው የሴቶች ድምፅ) እና ወንዶች በአንድ ላይ የሚይዙት አንድ መስመር ሆኖ በሦስት ድምፅ የተጻፈ ዝማሬ ለጥቂት ሰዎች የሚስማማ ነው፤ የወንዶቹ መስመር ከፒያኖው መካከለኛ ሲ (C) አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ካለው ሲ እስከ መካከለኛው ዲ (D) ድረስ ቢሆን ሁሉም ያለ ጭንቀት ይደርሱበታል። የሦስት ድምፅ ዝማሬ የድህነት ምልክት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ዊሊያም በርድ በእንግሊዝ ካቶሊኮች በስውር በሚቀድሱበት በ1590ዎቹ ካሳተማቸው ሦስት የቅዳሴ ድርሰቶች አንዱ ለሦስት ድምፅ ብቻ የተጻፈ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። በጥቂት ሰዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚፈጸም አምልኮ የተጻፈ፣ ከፍተኛ ሙያ ያለበት ሥራ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ካለ ድርሰት መጀመርን አልመክርም፤ በአንድ ድምፅ በትክክል መዘመር ሳይለምዱ ወደ ብዙ ድምፅ የሚሻገሩ መዘምራን ኖታውን ይጨርሱታል እንጂ አይዋሃዱም።

ልምምዱን በሳምንት አንድ ረጅም ቀን ከማድረግ ይልቅ በሦስት አጫጭር ቀናት፣ እያንዳንዱን በ50 ደቂቃ መመደብ ይሻላል። ድምፅ ሲደክም ጆሮም ይደክማል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚገኘው ውጤት በማግሥቱ በአሥር ደቂቃ ከሚገኘው አይበልጥም። ከሦስቱ ቀናት አንዱ በቤተ ጸሎቱ ውስጥ ይሁን። ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት የመማሪያ ክፍል ውስጥ ግልጽ ሆኖ የተሰማ ዝማሬ፣ ድምፅ በሚያስተጋባ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ሲዘመር ኖታዎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ መሪው ፍጥነቱን ቀነስ ማድረግ፣ መዘምራኑም የቃላቱን መጨረሻ ፊደል በአንድ ላይ መዝጋት ይኖርባቸዋል። ይህ የሚታወቀው እዚያው ቆሞ ሲሠራ ብቻ ነው።

አንድ ዜማ እንዴት ሙሉ ትምህርት ይሆናል

የግሪጎሪያን ዜማ በሮማ ሥርዓት ቀዳሚውን ቦታ እንዲይዝ የቫቲካኑ ጉባኤ ድንጋጌ በአንቀጽ 116 ይናገራል። ለመምህሩ ግን ዜማው ከዚህም ያለፈ ጥቅም አለው፤ በአንድ ድምፅ፣ ያለ መሣሪያ፣ በጠባብ ክልል ውስጥ የሚዘመር ስለሆነ ጆሮን ለማሠልጠን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ዶ ሬ ሚ የሚባለው የስያሜ ሥርዓት ራሱ የተወለደው መዘምራንን ከማስተማር ችግር ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኖረው መነኩሴ ጉዊዶ ዘአሬዞ፣ ልጆች ያልሰሙትን ዜማ ከጽሑፍ አይተው እንዲዘምሩ ሲፈልግ፣ ለመጥምቁ ዮሐንስ ከሚዘመረው የላቲን መዝሙር የስድስት ሐረጎችን መነሻ ቀለሞች ወሰደ፤ እያንዳንዱ ሐረግ ከፊተኛው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ስለሚጀምር ቀለሞቹ የደረጃዎቹ ስም ሆኑ። የሙዚቃ ታሪክ መምህር ይህን ሲያስተምር መዝሙሩን በክፍሉ ውስጥ ያዘምረው፤ ተማሪው ታሪኩን በራሱ ጉሮሮ ይማረዋል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። «ሳልቬ ሬጂና» የተባለው የእመቤታችን ዜማ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ረጅም ዘመን በቀኑ መጨረሻ ጸሎት ይዘመራል፤ የትምህርት ዘመን በሚጀመርበት ወቅትም ተራው የእርሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ዜማ አለው፤ አንዱ ቀላል፣ ሌላው የክብረ በዓል።

በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አይስጡ። ቀላሉን ዜማ «ሳል-ቬ ሬ-ጂ-ና» ብለው ራስዎ ይዘምሩ፤ ተማሪዎቹ ይድገሙ። ከዚያም ያንኑ በስያሜ ያዘምሩ፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሶል። አሁን ከአምስቱ ኖታዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ይውሰዱ። ለአንዱ ቡድን ዶ፣ ለሌላው ሚ፣ ለሦስተኛው ሶል ሰጥተው በአንድ ጊዜ እንዲይዙት ያድርጉ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ሜጀር ኮርድ ነው፤ በንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚገኘውን ነገር ተማሪዎቹ ስሙን ሳያውቁ ሠርተውታል። ስሙን አሁን ይንገሯቸው። ከሶል ወደ ላ ያለው መውጣትና መመለስ ደግሞ ኮርዱን ለቅቆ የሚሄድና የሚመለስ ኖታ ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ስለ ጌጥ ኖታዎች ሲማሩ ወደዚህች ቀለም ይመልሷቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት የክብረ በዓሉን ዜማ ያምጡ። የሚጀምረው በላ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ ነው። ከላ ወደ ሬ የሚወርደውን ርቀት ተማሪዎቹ እየዘለሉ ሳይሆን በመካከሉ ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ እየረገጡ መጀመሪያ ይዘምሩት፤ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ። አምስት ደረጃ ነው። ቀጥሎ በመካከል ያሉትን በልባቸው ብቻ ይዘምሩና ላንና ሬን ያሰሙ። ይህ ዜማ በመጀመሪያው ሞድ (ዶሪያን በሚባለው የዜማ ቅኝት) የተጻፈ ነው፤ የሞዱ መደምደሚያ ሬ፣ ዋና ማረፊያው ላ ነው፤ ስለዚህ ዜማው በመጀመሪያው ቃል ውስጥ ብቻ የሞዱን ሁለት ምሰሶዎች አቁሟል። ሁለቱን ዜማዎች ተከታትሎ የዘመረ ተማሪ በሜጀርና በዶሪያን መካከል ያለውን ልዩነት በሰንጠረዥ ሊማረው አይገባውም፤ ሰምቶታል።

በሦስተኛው ሳምንት አራት መስመር ላይ በአራት ማዕዘን ኖታ የተጻፈውን ገጽ ይስጧቸው። ዜማውን አስቀድመው ስለሚያውቁት ጽሑፉን ከዜማው ይማራሉ እንጂ ዜማውን ከጽሑፉ አይፈልጉም። ከዚያ በኋላ ያንኑ በዘመናዊው አምስት መስመር ላይ እንዲገለብጡ የቤት ሥራ ያድርጉት። በዚህ ጊዜ ዜማውን ከሁለት የተለያዩ መነሻ ከፍታዎች እንዲጽፉት ማድረግ ጠቃሚ ነው፤ የቀድሞው ጽሑፍ የሚያሳየው በኖታዎቹ መካከል ያለውን ዝምድና እንጂ የተወሰነ ከፍታን አለመሆኑን ያዩታል። ዶ ሬ ሚን ለዝምድናው፣ ኤ ቢ ሲን ደግሞ በፒያኖው ላይ ለሚገኘው ቋሚ ቦታ ብቻ ቢጠቀሙ ግራ መጋባቱ ይቀራል። በቤተ ጸሎቱ ሕዝቡ አብሮ ሲዘምር ከፍተኛው ኖታ ከዲ እንዳያልፍ መነሻውን ያስተካክሉ፤ ወንድና ሴት፣ ወጣትና አረጋዊ በአንድነት የሚደርሱበት ወሰን በዚያ አካባቢ ነውና።

በአራተኛው ሳምንት ኦርጋን የሚማረው ተማሪ ለቀላሉ ዜማ አጃቢ ኮርዶችን ይጻፍ፤ ድምፅ የምትማረዋ ተማሪ መነሻ ሐረጉን ብቻዋን ትጀምር፤ ቀሪዎቹ ይቀበሉ። ያን ዕለት ማታ በቤተ ጸሎት ይዘመራል። አራት መምህራን በአራት የተለያዩ ክፍለ ጊዜያት የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ማንም ተጨማሪ ሰዓት አልጠየቀም።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆኑ ቀላል ስብስቦች አሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕዝቡ ሊያውቃቸው ይገባል ያሉትን አጫጭር የላቲን ዜማዎች በትንሽ ጥራዝ ሰብስበው ለጳጳሳት ልከዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ለትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት ታስቦ ቀለል ያለ የቅዳሴ ዜማ መጽሐፍ ወጥቷል። በመጀመሪያው ዓመት ከእነዚህ አይውጡ። በሕዝቡ ቋንቋ የሚዘመሩት መዝሙሮችም በዚሁ መንገድ ሊማሩባቸው ይችላሉ፤ ምርጫው ላቲን ወይም የራስ ቋንቋ የሚል አይደለም።

የትርፍ ሰዓት መምህራን

በሳምንት አንድ ቀን የሚመጡት መምህራን ስለ ዕቅዱ ካልተነገራቸው ከላይ የተገለጸው ነገር ሁሉ አይሠራም። ለቫዮሊን መምህሯ በጥቅምት ወር በየትኛው እሑድ የትኛው ዜማ እንደሚዘመር የሚያሳይ አንድ ገጽ ይስጧት፤ ተማሪዋ በዚያ እሑድ ማጀብ ትችል እንደሆነ የምትወስነው እርሷ ናት። በማይከፈላቸው ሰዓት ለስብሰባ አይጥሯቸው። የቋሚ መምህራንን የሥራ ጫና በተመለከተም፣ የመዘምራን ልምምድና የእሑድ አገልግሎት እንደ ማስተማር ሰዓት እንዲቆጠር በውሉ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። አገልግሎት ስለሆነ በነፃ ይሠራ የሚለው አነጋገር መልካም ሰዎችን ከዚህ ሙያ ያስወጣል፤ ይህን በግልጽ ለአስተዳደሩ መናገር ነውር የለበትም።

የግል ትምህርት የሚሰጥባቸው ክፍሎች በራቸው መስታወት ያለው ይሁን፤ የትምህርቱ ሰዓትም በር ላይ ይለጠፍ። አስተማሪና ተማሪ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል የሚቀመጡበት ሙያ በመሆኑ ይህ ሁለቱንም ይጠብቃል፤ የትንፋሽና የአቋም ትምህርት ሲሰጥም ተማሪውን ሳይነኩ በራስ ላይ ማሳየት ይበቃል።

ኦርጋኑን መጠበቅ

ድንጋጌው በአንቀጽ 120 የቧንቧ ኦርጋንን በታላቅ አክብሮት ይጠቅሳል፤ የሚንከባከበው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሙዚቃ መምህሩ ነው፤ ስለዚህ መሠረታዊ ነገሩን ማወቅ አለበት። አየር ሲሞቅ የድምፅ ፍጥነት ይጨምራል፤ በዚህም የተነሣ ምላስ (በአየር የሚርገበገብ ቀጭን ብረት) የሌላቸው ቧንቧዎች በእያንዳንዱ የሴንቲግሬድ ዲግሪ ሦስት ሴንት ያህል ከፍ ይላሉ፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅ መቶ እጅ ሦስቱን ያህል። የሙቀቱ ልዩነት አሥር ዲግሪ ሲሆን ለውጡ ወደ ሠላሳ ሴንት ይደርሳል፤ ይህን ማንም ጆሮ ይሰማዋል። ምላስ ያላቸው ቧንቧዎች ግን በዚያ መጠን አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ጠዋት የተበላሹት እነርሱ ይመስላሉ። ልምድ የሌለው ሰው እነርሱን ሊቃኝ ይነሣል፤ የተንቀሳቀሱት ግን ሌሎቹ ናቸው። መጀመሪያ ቤተ ጸሎቱ ወደ ተለመደው የቅዳሴ ሰዓት ሙቀት እስኪደርስ ይጠብቁ፤ ያን ጊዜም የማይስማማ ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ። ባለሙያው በሚቃኝበት ዕለትም ሙቀቱ የእሑዱን ያህል እንዲሆን አስቀድመው ያዘጋጁ።

እርጥበት ደግሞ ከሙቀት የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይነፋል። ለኦርጋኑም ለፒያኖዎቹም ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው እርጥበት ተስማሚ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ሰቅለው ንባቡን በየሳምንቱ የሚመዘግብ ተማሪ ይመድቡ። ለአስተዳደሩ የጥገና ጥያቄ ሲያቀርቡ የአንድ ዓመት መዝገብ ከማንኛውም ደብዳቤ ይልቅ ያስረዳል።

የተለያየ እምነት ያላቸው ተማሪዎችና ምዘና

በካቶሊክ ኮሌጅ የሚማሩ ሁሉ ካቶሊኮች አይደሉም። የመዘምራን ቡድኑ ነጥብ የሚያሰጥ ኮርስ ከሆነ፣ በቅዳሴ ላይ መገኘትን ብቸኛ መንገድ አድርጎ ማስቀመጥ አግባብ አይደለም፤ በኮንሰርት ወይም በክፍል ዝግጅት የሚተካበት መንገድ በኮርሱ መግለጫ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጻፍ። ምዘናው በሚሰማ ነገር ላይ ይሁን፤ ትክክለኛ ከፍታ፣ ምት፣ የቃል አወጣጥ፣ ሌላውን እየሰሙ መዘመር። ጸሎቱን ማንም በነጥብ አይመዝንም። በልምድ ግን ዜማውን ከነትርጉሙ በአክብሮት የተማረ የሌላ እምነት ተማሪ በፈቃዱ እሑድም ሲመጣ ይታያል፤ ጽሑፉን በየመስመሩ ወደሚገባው ቋንቋ ተርጉሞ መስጠት ለሁሉም እኩል የሚገባ ነገር ነው።

መዝገብና የኖታ መደርደሪያ

ኖታ ማባዛትን በተመለከተ አቋምዎ ጥብቅ ይሁን። በብዙ አገሮች ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ያለፈው ሥራ በነፃ ሊገለበጥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ አሮጌው ድርሰት በአዲስ አዘጋጅ የታተመ ከሆነ ኅትመቱ ራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። የቀድሞ ድርሰቶችን ከአሮጌ ኅትመት ተማሪዎቹ ራሳቸው በኮምፒዩተር እንዲጽፏቸው ማድረግ መብቱን ከማክበር በተጨማሪ ጥሩ የኖታ አጻጻፍ ልምምድ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ይሰጠው፤ የቁጥሩ ባለቤትም በመዝገብ ይያዝ።

ሁለተኛው መዝገብ ከዚህ የበለጠ ዋጋ አለው። በየእሑዱ የተዘመረውን፣ በየትኛው ከፍታ እንደ ተጀመረ፣ ስንት ዘማሪዎች እንደ ነበሩ፣ ሕዝቡ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ኖታዎቹ ወደ መደርደሪያው ከመመለሳቸው በፊት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። በአነስተኛ ኮሌጅ መምህር ሲለወጥ የዓመታት ሥራ አብሮት የሚሄደው ያልተጻፈ ስለሆነ ነው። አዲሱ መምህር ሥራ በሚጀምርበት ቀን ከቢሮው ቁልፍ ጋር ይህን ደብተር ቢቀበል፣ ሕዝቡ የትኛውን ሳንክቱስ በቃሉ እንደሚያውቅ፣ የትኛው ግሎሪያ በየትኛው ከፍታ ለወንዶቹ እንደ ከበዳቸው፣ ኦርጋኑ በየትኛው ወር እንደሚያስቸግር ገና ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ያውቃል።